መጀመሪያ ሣሩን ቁጠሪ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት የደብረ ማርቆስ ልጅ ልብወለድ እየጻፈች ነው። ሰርዳን የሚባል ሕዝብ ፈጥራለች። ዛፍ በማይታይበት፣ ዳሩ በማይደረስበት ሜዳ ላይ በፈረስ የሚዞሩ ዘላኖች ናቸው። በሰሜን የበረዶና የጥድ ደን ሰዎች አሉባቸው። በምሥራቅ ባለ ግንብ ትልቅ መንግሥት። በደቡብ ሞቃት ጫካ ውስጥ የተቀመጠ ንጉሥ። በምዕራብ ደግሞ ጠመንጃ ይዘው ከባሕር የወጡ ነጋዴዎች። ሕዝቡ 2 ሚሊዮን ነው፣ ፈረሰኛው 500 ሺህ፣ ሁሉም በአንድ ግዙፍ የድንኳን ከተማ ይኖራል። ረቂቁን ያነበቡ ጓደኞቿ «ታዲያ እስካሁን እንዴት አልጠፉም?» አሏት። «ዶክተር፣ እርስዎ ፈረስ ያውቃሉ፣ የዘላኖችንም ታሪክ ያነባሉ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ምን ብዬ ልመልስላቸው?» ትላለች። አንድ ምዕራፍም ልካልኛለች። መጨረሻ ላይ ሁለት ትንንሽ ጥያቄዎች አክላለች፤ እነሱን ወደ ኋላ እመጣባቸዋለሁ።

እህቴ፣ እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ የታሪክ መምህር አይደለሁም። ግን ከሃያ ዓመት በላይ አዊ ውስጥ ፈረስ ሳክም ኖሬያለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ስለ ሞንጎልና ስለ ሌሎች ፈረሰኛ ሕዝቦች ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። ስለዚህ መልሴ ከሆድ ይጀምራል። ከፈረሱ ሆድ።

ስሙን ግን ወድጄዋለሁ። ሰርዶ ሲያርሱት የሚያንሰራራ፣ ሲነቅሉት የሚበቅል ሣር ነው። ገበሬ ይረግመዋል፣ ፈረስ ይወደዋል። ለዘላን ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ስም እኔ አላገኝም ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አንቺ አራቱን ጠላቶች በደንብ ቆጥረሻል፣ ሣሩን ግን አልቆጠርሽም። አንድ ትንሽ የደጋ ፈረስ፣ 300 ኪሎ ይመዝናል እንበል፣ በቀን ከክብደቱ 2 ወይም 2.5 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ከ6 እስከ 7 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ውሃ ደግሞ እንደ ሙቀቱና እንደ ሥራው ከ20 እስከ 40 ሊትር። እንግዲህ 500 ሺህ ፈረሰኛሽን አምጪ። የሞንጎል ወታደር ሲዘምት አንድ ፈረስ አይበቃውም ነበር፤ አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው እየተዛወረ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ሦስት፣ አራት፣ አምስት አስከትሎ ይወጣል። አንቺ ሦስት ብቻ ስጫቸው። 1.5 ሚሊዮን ፈረስ ሆነ። በትንሹ ሲሰላ በቀን 9 ሺህ ቶን ደረቅ ሣርና 30 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ነው፣ ያውም በአንድ ከተማ ዙሪያ፣ ያውም በግና ከብቱ ሳይቆጠር። በሁለተኛው ሳምንት ሜዳው አቧራ ይሆናል። ጠላት መምጣት አያስፈልገውም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል።

ስለዚህ ያንን የድንኳን ከተማ አፍርሺው። ይቅርታ፣ የላክሽልኝ ምዕራፍ ላይ ያለው የጭሱና የውሾቹ ጩኸት ገለጻ ቆንጆ ነው፣ ግን ዘላን ዓመቱን ሙሉ ተሰብስቦ መኖር አይችልም። ሦስት አራት ድንኳን እዚህ፣ ሦስት አራት ድንኳን ከዚያ ኮረብታ ጀርባ። ጎረቤት ማለት ጠዋት ጭሱ ከሩቅ የሚታይሽ ሰው ነው። የሞንጎሎች ድንኳን ከእንጨት ማገርና ተደብድቦ ከተጠቀጠቀ የበግ ጸጉር የሚሠራ ነው፤ ቤተሰቡ ተረዳድቶ ባንድ ሰዓት አካባቢ ነቅሎ ግመል ላይ ይጭነዋል። አስቢው እስቲ፤ እኛ ጋ አንድ ሰው ቤት ሲቀይር ሦስት ቀን ጎረቤት ያስቸግራል።

ቁጥሩንም ቀንሺ። ቺንጊስ ካን እ.ኤ.አ. በ1206 ነገዶቹን ጠቅልሎ ሲነግሥ ሠራዊቱን በሺህ በሺህ ከፈለው። የሻለቆቹ ቁጥር 95 ነበር። አዎ፣ ያን ሁሉ ዓለም ያስጨነቀው ኃይል ሲጀምር ከ100 ሺህ የማይበልጥ ነው። የዛሬዋ ሞንጎሊያ እንኳ ስፋቷ ከ1.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከኛ አገር ትሰፋለች፤ ሕዝቧ ግን 3.5 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከዚያም ግማሽ የሚጠጋው ዋና ከተማዋ ውስጥ ተፋፍጎ ይኖራል። ለሰርዳኖች 60 ሺህ ፈረሰኛ ብትሰጫቸው ይበቃል። አይነስብሽ። የገበሬ አገር ከመቶ ሰው ጥቂቱን ነው የሚያዘምተው፣ የቀረው ማረስ አለበት። ዘላኑ ግን ሲዘምት ጦም የሚያድር መሬት የለውም። ሚስቱና ልጆቹ በጉን ያግዳሉ፣ እሱ ይሄዳል። ለሱ ዘመቻና የዕለት ኑሮ ያን ያህል አይራራቁም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው።

በጉን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ምዕራፍሽ ውስጥ አንድም በግ የለም! ሰርዳኖች ምን ይበላሉ? ሞንጎሎች አምስት ዓይነት እንስሳ ያረባሉ፤ ፈረስ፣ ግመል፣ የቀንድ ከብት፣ በግና ፍየል። ግጦሽ ሲያሰሉ ሁሉንም ወደ በግ ይመነዝሩታል፤ አንድ ፈረስ 7 በግ፣ አንድ ላም 6 በግ፣ አንድ ግመል 5 በግ ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ሒሳብ ስትሰሚ ፈረስ ምን ያህል ውድ ቅንጦት እንደሆነ ይገባሻል። ሰባት በግ የሚያበላ ሣር ነው አንዱ ፈረስ የሚግጠው፤ ጨጓራው ደግሞ እንደ በሬ አያመነዥክም፣ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ይጥላል። ባዝራዋ 11 ወር ታረግዛለች፣ የምትወልደው አንድ ውርንጭላ ነው፣ ውርንጭላው ለኮርቻ እስኪደርስ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ጦርነት ላይ 50 ሺህ ፈረስ ያለቀበት ሕዝብ በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም። ይህን ለሴራሽ ተጠቀሚበት። በአንድ ውጊያ «አሸንፈው» የተመለሱ ሰርዳኖች በፈረስ እጦት አምስት ዓመት አንገታቸውን ሲደፉ አሳዪን።

ታዲያ ፈረሱ ለምን ይያዛል? አንደኛ፣ ያለ እሱ በጉ አይታገድም፤ ሜዳው ሰፊ ነው። ሁለተኛ፣ በረዶ ሲወርድ ፈረስ በኮቴው ቆፍሮ ሣሩን ያወጣል። በግና ላም ይህን በደንብ አይችሉም። ስለዚህ ክረምት ላይ ፈረሱ ቀድሞ ይለቀቃል፣ በጉ እሱ የቆፈረውን እየተከተለ ይለቅማል። ሦስተኛው ጦርነት ነው፣ አንቺም የምታውቂው።

በረዶ ካነሳን፣ አምስተኛ ጠላት ልጨምርልሽ። ሞንጎሎች «ዙድ» ይሉታል። ዝናብ የሚጠበቅበት ሞቃቱ ወቅት ደርቆ ሣሩ ሳያድግ ይቀርና የበረዶው ክረምት ይከፋል፣ ወይም በረዶው ይቀልጥና ተመልሶ ይረጋል፤ ሣሩ ከመስታወት ሥር እንዳለ ዕቃ እየታየ አይበላም። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 መካከል በነበረው ክረምት ሞንጎሊያ ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ከብት አልቋል። ይህ መኪና፣ መንግሥትና የውጭ ዕርዳታ ባለበት ዘመን ነው። በተቃራኒው ደግሞ የጥንት ዛፎች ቀለበት ሲመረመር እ.ኤ.አ. ከ1211 እስከ 1225 ያለው ጊዜ በሞንጎሊያ ሙቀትና ዝናብ ያልተለየው፣ ሣር የተትረፈረፈበት ሆኖ ተገኝቷል። ቺንጊስ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ሰማዩም አብሮት ነበር ማለት ነው። ጦር ብቻውን አያብራራውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። እኛ አገር ፈረስ መቼ ነው የሚያምረው? መስከረምና ጥቅምት። ጸጉሩ ይለሰልሳል፣ ዳሌው ይሞላል። ግንቦት ላይ ያንኑ ፈረስ ብታይው የጎድን አጥንቱን ትቆጥሪዋለሽ። የነሱም እንዲሁ ነው፣ ወራቱ ይለያይ እንጂ። በመከር ጊዜ ፈረሱ ይጠግባል፣ የገበሬውም ጎተራ ይሞላል፤ ዘላኑ የሚወርደው ያኔ ነው። ብልህ የግንብ መንግሥት ደግሞ ክረምቱ ሲያበቃ፣ ፈረሱ አጥንት ሆኖ ባዝራዋ ሆዷን ይዛ በምትቆምበት ሰሞን ይመጣል። ሣሩንም ያቃጥላል። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችው አህያ ናት ይባላል፤ መንግሥታትም ብለውታል። ስለዚህ ጦርነቶችሽ ሁሉ በፈለግሽው ቀን አይሁኑ። የቀን መቁጠሪያ አበጂላቸው።

አሁን ጓደኞችሽ ወዳሉት እንምጣ። አራት ጎን የተከበበ ሕዝብ እንዴት ይኖራል?

ከበባ የምትይው ነገር ለዘላን ገበያም ነው። ሰርዳኖች እህል አያመርቱም፣ ብረት እንደልብ አያቀልጡም፣ ጨርቅ አይሸምኑም። ዘላን ራሱን የቻለ ሕዝብ ሆኖ አያውቅም፤ ጎረቤት ያስፈልገዋል። በአራት ጎን አራት ጎረቤት ያለው ዘላን አንዱ በሩን ሲዘጋበት ወደ ሌላው ይሄዳል። ጎረቤቶቹም ፈረስ ይፈልጋሉ፤ እነሱ አገር ጥሩ ፈረስ አይረባም።

የሹንግኑዎችን ታሪክ ልንገርሽ፣ ከቻይና ሰሜን የነበሩ ፈረሰኞች ናቸው። መሪያቸው ሞዱ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 ዓመት የቻይናውን ንጉሠ ነገሥት ባይዴንግ የሚባል ተራራ ላይ ሰባት ቀን ከበበው። የቻይና ጸሐፍት እንደተረኩት ፈረሰኞቹ በቀለም ተከፍለው ነበር። በምዕራብ ነጫጭ ፈረስ፣ በምሥራቅ ግራጫ፣ በሰሜን ጥቁር፣ በደቡብ ቀይ ዳማ። ንጉሡ ከተራራው ላይ ሆኖ በአራቱም ማዕዘን ይህን ሲያይ ይታይሽ! ደግሞ አስቢው፣ ለያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ዓይነት ቀለም መርጦ መመደብ የሚችል ሰው ስንት ፈረስ ቢኖረው ነው? ይህ ከመቶ ፉከራ ይበልጣል። ንጉሡ አምልጦ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሐር፣ እህል፣ መጠጥና የንጉሥ ቤት ልጅ ለሚስትነት በየጊዜው ይልክላቸው ጀመር። ሞዱ ግንቡን አልወረሰም። ምን ያደርግለታል? ግንብ ውስጥ ሣር የለም። የሚፈልገው የግንቡ ሰዎች እያረሱ፣ እየሸመኑ፣ እየፈሩት እንዲኖሩ ነው።

ቻይናዎቹም በተራቸው ሞክረዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ119 ዓመት በረሃውን ተሻግረው ሹንግኑዎችን ክፉኛ መቷቸው። ግን 140 ሺህ ፈረስ ይዘው ወጥተው 30 ሺህ እንኳ አልመለሱም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እንዲህ ያለ ዘመቻ ማድረግ አቃታቸው። ለጓደኞችሽ ይህን መልሺላቸው። የግንቡ መንግሥት ሰርዳኖችን ማሸነፍ ይችላል፣ ግን ሒሳቡ አያዋጣውም።

ርቀት ራሱ ቅጥር ነው። የፋርሱ ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ513 ዓመት አካባቢ እስኩቴስ የሚባሉትን ፈረሰኛ ዘላኖች ሊወጋ ገባ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው እነሱ አልገጠሙትም። ጉድጓዱን እየደፈኑ፣ ሣሩን እያቃጠሉ ወደ ኋላ ሸሹ። ዳርዮስ ሰልችቶት ወይ ተዋጋ ወይ ገብር ብሎ ቢልክ፣ ንጉሣቸው ከተማም የተዘራ መሬትም የለንም፣ ስለ ምኑ ብለን እንቸኩል፤ ግድ ውጊያ ካማራችሁ ግን የአባቶቻችንን መቃብር ፈልጋችሁ ንኩ፣ ያን ጊዜ እንዋጋ እንደሆነ ታያላችሁ አለው ይባላል። እኔ ልብወለድ ብጽፍ ከዚህ እነሳ ነበር። ሰርዳኖች የማይሸሹበት አንድ ቦታ ብቻ ይኑራቸው። ጠላትም እሱን ይፈልግ።

በደቡብ ያለውን ንጉሥ በተመለከተ ሠራዊት አትስጪው። ትንኝና ዝንብ ስጪው። ይህን ከራሴ ነው የምነግርሽ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለክትባት ወደ አባይ ቆላ ልወርድ ሆነ። መኪና አልነበረም፣ የአባቴን ዳማ ፈረስ ይዤ ወረድኩ። ጊዜው መስከረም ነው፣ ዝናቡ ገና መለስ ማለቱ። ሐኪም ነኝ፣ ማወቅ ነበረብኝ፤ አባቴም «በዚህ ሰሞን ፈረስ ቆላ አይወርድም» ብሎኝ ነበር፣ የድሮ ሰው ወሬ አድርጌ አለፍኩት። ሁለት ሌሊት አደርን፣ ተመለስን። በሳምንቱ ጠዋት በረት ስገባ አንገቱን ዘርግቶ እግሩን ከፍቶ ቆሟል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ፣ ጤነኛ ፈረስ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባው፣ አብጦ ሞልቷል። ከአፍንጫው የሳሙና አረፋ የሚመስል ነጭ ነገር ይወርዳል። ሲተነፍስ ጎኑ እንደ ወናፍ ነው። ከቀትር በፊት ወደቀ። አባቴ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ኮርቻውን ተሸክሞ ገባና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እስካሁን እዚያው ነው።

በሽታው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይባላል፣ በዓይን እምብዛም የማትታይ ትንኝ ናት የምታስተላልፈው። ከዚያ በታች ደግሞ ገንዲ አለ፣ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው በሽታ። በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ሺህ ፈረሰኛ የነበራቸው እንደ ኦዮ ያሉ መንግሥታት ጫካው ዳር ሲደርሱ ይቆሙ የነበረው ለዚህ ነው። ስለዚህ የደቡቡ ንጉሥሽ ለሰርዳኖች ሥጋት የሚሆነው በወታደሩ ሳይሆን ወደ እርሱ መውረድ ስለማይቻል ነው። ዘላኑ ተሸንፎ ወደ ደቡብ ሲሸሽ ፈረሱ ያልቅበታል። በእግሩ የቀረ ሰርዳን ደግሞ ምንድን ነው? ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለው ተረት የኛ ነው፤ እነሱ ጋ ፈረሱ ራሱ ነው አገሩ። በነገራችን ላይ ቀስታቸውም ያው ነው። ከእንጨት፣ ከቀንድና ከጅማት በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ስለሆነ እርጥበት ያላላዋል። ጫካ ውስጥ ዝናብ ሲመታው ከዱላ አይሻልም። ከወታደርሽ እጅ ላይ ቀስቱ ሲላላ አንድ ትዕይንት ጻፊ።

ጎጃሜ አንባቢሽ ይህን ቶሎ ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ። እኛም የተከበብን ነን፤ አባይ ከሦስት በኩል ዞሮናል። ገደሉ ጠባቂም ነው፣ እስር ቤትም ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. አባይን ተሻግረው እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲገጥሙ ጠቡ በዋናነት የደቡብ ምዕራቡ የወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና የቡና ንግድ በማን እጅ ይሁን ነው። የራስ ጎበና ፈረሰኞች ያን ቀን ምን እንዳደረጉ አያቶቻችን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ንጉሡም ተማረኩ። እንግዲህ ተመልከች፣ ማንም ሰው ያን ገደል የሚሻገረው ለገበያ ነው። ሰርዳኖችንም ከሜዳቸው የሚያስወጣቸው ይኸው ይሁን።

ታዲያ በመጨረሻ ምን ያጠፋቸዋል? አራቱ ጎረቤቶች እርስ በርሳቸው እስከተጣሉ ድረስ ምንም። ሁለቱ የተስማሙ ቀን ግን አለቀ። ሁሉም ነገር የሚዞረው እዚህ ላይ ነው፣ እሱን ነው ምዕራፍሽ ውስጥ ያጣሁት።

ዙንጋሮችን አንብቢ። በመካከለኛው እስያ የመጨረሻው ትልቅ የዘላን መንግሥት ናቸው። በአንድ ጎን ሩስያ፣ በሌላው የቻይና ቺንግ ሥርወ መንግሥት፣ በምዕራብ ካዛኮች። የተከበቡ ነበሩ፣ ልክ እንዳንቺ ሰርዳኖች። ጠመንጃም ያዙ፤ እንዲያውም ፖልታቫ በሚባል ውጊያ በሩስያ ተማርኮ፣ ኋላ እነሱ እጅ የገባ ሬናት የሚባል ስዊድናዊ መኮንን 17 ዓመት አብሯቸው ኖሮ መድፍ በማሠራት ረድቷቸዋል። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያደረጉትን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ባዕድ ታሪክ አይሆንም። የምዕራብ ነጋዴዎችሽን ጠመንጃ ሰርዳኖች ለምን አይገዙም? ይግዙ እንጂ! ዘላን ሞኝ አይደለም።

ያጠፋቸው ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1689 ሩስያና ቻይና ኔርቺንስክ ላይ ተዋዋሉ። በ1727 ደግሞ ኪያክታ ላይ። ድንበር ተሰመረ፣ ንግድ ተደለደለ። ከዚያ በኋላ ዙንጋሩ አንዱን በሌላው ማስፈራራት አቃተው። የመጨረሻው ጠንካራ መሪያቸው ሲሞት ወንድማማች ተባላ፣ ቺንግ እ.ኤ.አ. በ1755 ገባ፣ ቀድሞ ከቺንግ ጋር የነበረው የዙንጋር መሪ አሙርሳና ሸፍቶ ተመታና ወደ ሩስያ ሸሸ፤ እዚያም በ1757 በፈንጣጣ ሞተ። ፈንጣጣው ሕዝቡንም ፈጅቷል። ተበታትኖ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ በሽታ ሲደርስበት አይችለውም። ሠይፉ የቀረውን ጨረሰ፤ ሜዳው ባዶ ሆነ።

ሌላው የሚያጠፋቸው ማረሻ ነው። ወታደር ይመጣል ይሄዳል፤ ገበሬ ግን ሲመጣ አይሄድም። እኔ ፋግታ ለኮማ አካባቢ በልጅነቴ ፈረስ የምናግድበት መስክ ዛሬ ለከሰል የተተከለ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ነው። ሰውን አልወቅስም፣ ገንዘብ አለው፣ መሬቱንም ይጠቅማል ይላሉ። ፈረሱ ግን የት ይጋጥ? ማንም አልወጋንም፣ ማንም አልወረረንም። መስኩ ብቻ ጠበበ። የምዕራብ ነጋዴዎችሽን እንዲህ ብትስያቸው ከነጠመንጃቸው ይልቅ ያስፈራሉ።

አንድ ታሪክ ልጨምርና ወደ ትንንሾቹ ጥያቄዎችሽ ልለፍ። ቮልጋ ወንዝ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ካልሚኮች የሚባሉ ዘላኖች ነበሩ። ሩስያ ግጦሻቸውን ለሰፋሪ እየሰጠች፣ ወንዶቻቸውን ለጦርነቷ እየወሰደች አስጨነቀቻቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 1771 ነቅለው ወደ አያቶቻቸው አገር፣ ያ ባዶ ወደቀረው የዙንጋር ሜዳ ሊመለሱ ተነሡ። ከ150 ሺህ በላይ ሰው፣ ከነድንኳኑ፣ ከነበጉ። ዕቅዱ ወንዙ በረዶ ሲሆን በምዕራብ ዳር ያሉት ተሻግረው እንዲቀላቀሉ ነበር። ያን ዓመት ግን ቮልጋ አልረጋም። የወዲያ ማዶዎቹ ቀሩ። የሄዱትን ደግሞ ካዛኮቹ፣ ብርዱና ጥማቱ ፈጇቸው፤ ግማሹም አልደረሰ። የቀሩት ልጆች ዛሬም ሩስያ ውስጥ ካልሚኪያ ላይ አሉ። አስቢው፣ አንድ ቤተሰብ ወዲህ ማዶ፣ ወንድሙ ወዲያ ማዶ፣ መሐል ላይ ጥቁር ውሃ፣ ሁሉም ጠዋት ጠዋት ወጥቶ ረግቶ እንደሆነ በዱላ ይነካዋል። ይህን መጻፍ የምትችዪ ይመስለኛል።

ስለ መሪዎቹ ጠብ ብዙ አልልም። የዘላን መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው መሪው በሞተ ማግስት ነው፤ ወንድም ልውረስ ይላል፣ ልጅ ልውረስ ይላል፣ የተከፋው ደግሞ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ጎረቤት ይገባል። አንቺም ጥሩ አድርገሽ ጀምረሽዋል።

ትንንሾቹ ጥያቄዎች። አንደኛ፣ «ጀግናዋ የፈረስ ወተት ብትጠጣ አንባቢ ይጸየፋታል?» ብለሻል። ይጸየፋታል! እኔም መጀመሪያ ሳነብ አፌን ይዣለሁ። ግን አታውጪው፣ አሳዪው እንጂ። ባዝራ እንደ ላም አትታለብም። ውርንጭላው መጀመሪያ ቀረብ ተደርጎ ጡቷን ይነካል፣ ወተቱ ሲወርድላት እሱ ገለል ይደረግና አጠገቧ ይያዛል፣ አላቢዋ በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ ፈጠን ፈጠን ታልባለች። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ በየሁለት ሰዓቱ፤ ተደማምሮ የሚገኘው ከ1 እስከ 2 ሊትር ብትይ ነው። ከዚያ ቆዳ አቁማዳ ውስጥ ይከተታል፣ በሩ አጠገብ ይሰቀላል፣ የገባም የወጣም በዱላው አንድ ሁለት ጊዜ ይመታዋል። ይኮመጥጣል፣ ትንሽ ያሰክራል፤ ከቀጭን ጠላ አይበረታም። የኛ ሰው ቤት ሲገባ ቅል እንደሚናጥ አድርገሽ ከጻፍሽው አንባቢሽ ሳያውቀው ይለምደዋል።

ፈረስ ካላየሽ ግን ከኔ ጽሑፍ አይገኝም። ጥር 23 እንጅባራ ነይ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው፣ የጊዮርጊስ ዕለት በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። ዘላኖችሽም እንዲህ ነው የሚሰበሰቡት፣ በዓመት አንዴ፣ ሣሩ ሲፈቅድ፣ ለእሽቅድምድም፣ ለሽምግልና፣ ለጋብቻ። መድረኩን ተይው። ፈረሶቹ ጋልበው ሲመለሱ የሚቆሙበት ዳር ቁሚ። ግላሱ ሲነሣ ጀርባው ላይ ያለው ላብ ይጨሳል። ልጓሙን ሲያኝክ ብረቱ ይሰማሻል። ባለቤቱ ከራሱ በፊት የፈረሱን እግር ጎንበስ ብሎ ይዳብሳል፣ ጉልበቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን። አንድ ሽማግሌ እንዲሁ ሲዳብስ አይቼ «አባባ፣ ምን ይፈልጋሉ?» ብለው «ሙቀት» አለኝ። እኔ አምስት ዓመት ተምሬ ነው ያንን ያወቅሁት።

ሁለተኛው፣ «ለጀግናዋ የፈረስ ስም ልስጣት?» የሚለው ነው። ስጫት። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ በላይ ዘለቀን አባ ኮስትር ብሎ ለሚጠራ አንባቢ ሰው በፈረሱ ስም መጠራቱ አይገርመውም። ጥያቄው ሴት ስትሆን «አባ» ይሁን ወይስ ሌላ ነው። እሱን አንቺ ፍጠሪው፣ ግን ፈረሱን መጀመሪያ ስም አውጪለት፤ እሷ ከሱ ትውረሰው። ቀለሙን ደግሞ ዳማ አታድርጊብኝ እባክሽ።